በስልቻ አፍ የተገኘ ብር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



አባቶቻችን «ያባት ዕዳ ለልጅ፥ ያፍንጫ እድፍ ለእጅ» ይላሉ። ይህን ምሳሌ ከልጅነታችን ጀምሮ እየሰማን ስላደግን እንደ ሕግ አድርገን ይዘነዋል። ስለዚህ ከወላጆቻችን አንዱ ባረፈ ጊዜ፥ እንባችን ገና ሳይደርቅ፥ የሟች ስም የተጻፈበት ፖስታ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የመጣ እንደ ሆነ ልባችን ይደነግጣል። በውስጡ «ከሚገባው በላይ ተከፍሎ ነበር» የሚል ቃል ከተገኘበትማ እንቅልፍ የለም። ይህ ዕዳ የማን ነው? የሟች ነው? የልጅ ነው? ወይስ ከሟች ጋር የተቀበረ ነው? በዚህ በአሜሪካ የምንኖር ወጣቶች ይህን ጥያቄ በቅዱሳት መጻሕፍት ብርሃን እንድናየው ይህችን አጭር ጽሑፍ አቅርቤአለሁ። የምጽፈውም ከሰው የሰማሁትን ሳይሆን በራሴ ቤት የደረሰውን ነው።

፩. በእናቴ ቤት የተገኘው

እናቴ በእርጅናዋ ዘመን ኤስ ኤስ አይ የሚባለውን የመንግሥት ድጎማ ትቀበል ነበር። ይህ ድጎማ እ.ኤ.አ. በ1972 ታውጆ ከጃንዋሪ 1974 ጀምሮ የሚሰጥ ነው። የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ ሰው በሥራ ዘመኑ ከደመወዙ እያዋጣ ያገኘው መብት ሲሆን፥ ኤስ ኤስ አይ ግን በቂ ገቢና ጥሪት ለሌላቸው አረጋውያን፥ ዓይነ ስውራንና አካል ጉዳተኞች የሚሰጥ ነው። ከፌዴራሉ መንግሥት የሚሰጠው ከፍተኛው መጠን እ.ኤ.አ. በ2025 ለአንድ ሰው በወር 967 ዶላር ነበር። ይህ ገንዘብ ለችግረኛ የሚሰጥ ስለ ሆነ ደንቡ ብዙ ነው። አንድ ተቀባይ ከአሜሪካ ወጥቶ ሠላሳ ቀን በተከታታይ ከቆየ፥ ተመልሶ ሠላሳ ቀን እስኪቀመጥ ድረስ ድጎማው አይገባውም። መውጣቱንም ለመሥሪያ ቤቱ ማስታወቅ የተቀባዩ ግዴታ ነው።

እናቴ ይህን አላወቀችም። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2024 የእኅቷን ሙት ዓመት ለማውጣት፥ በዚያውም ጥምቀትን ጎንደር ለማክበር ሄደች። የተመለሰችው በማርች ነው። እርሷ ጃን ሜዳና ፋሲለደስን እያነጻጸረች ስታጫውተን፥ ገንዘቡ እንደ ወትሮው በየወሩ ባንክ ሲገባ ከርሟል። በዚያው ዓመት በጁላይ ወር አረፈች።

ከአርባዋ በኋላ ዕቃዋን ልናነሣ አፓርታማዋ ተሰበሰብን። ወረቀቶቿን የምታስቀምጥበት አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ነበራት። በውስጡ ፓስፖርቷን አገኘሁ፤ የወጣችበትና የገባችበት ማኅተም አለበት። ከሥሩ ደግሞ ከመሥሪያ ቤቱ የመጣ ደብዳቤ ነበር። ተቀባዩ ማስታወቅ ያለበትን ነገር ሁሉ በዝርዝር ይናገራል፤ ከአገር መውጣትም አለበት። በፖስታው ጀርባ ላይ በእርሳስ «ችግር የለውም» የሚል ጽሕፈት አየሁ። ጽሕፈቱ የእኔ ነው።

ያን ቀን አስታወስሁት። እናቴ ፖስታውን ይዛ «ልጄ፥ ይህ ምን ይላል?» ብላ ጠይቃኝ ነበር። እኔ ኮቴን እየለበስሁ፥ ግማሽ ገጽ እንኳ ሳላነብ፥ «የተለመደ ማስታወቂያ ነው» ብዬ ሄድሁ። እርሷ እንዳትረሳው ጻፍልኝ ስላለችኝ የጻፍሁት ቃል ነው። እናቴ እንግሊዝኛ አታነብም ነበር። ዓይኗ እኔ ነበርሁ።

ሌላም ነገር ነበር። ባረፈች በአሥራ ሁለተኛው ቀን፥ በኦገስት 1፥ ገንዘቡ አንድ ጊዜ ደግሞ ባንክ ገባ። እኔም «የእርሷ ገንዘብ ለነፍሷ ቢውል ምን ኃጢአት አለው?» ብዬ በካርዷ አውጥቼ ለአርባዋ ዝክር አዋልሁት።

በዚያ ቀን ከብስኩቱ ቆርቆሮ አጠገብ ሦስት ልጆች ሦስት ነገር ተናገርን። ታላቅ ወንድሜ «ሙት አይከሰስም፤ ማንም ሳይጠይቀን ምን አስቸኮለን?» አለ። እኅቴ «የታክስ ተመላሻችንን ይወስዱታል፤ ቤቴንም ያስይዙታል» ብላ አለቀሰች። እኔ ግን ሁለቱንም ፈራሁ፤ ዝም ማለቱንም መናገሩንም። ወደ ንስሐ አባታችን ሄጄ ሁሉን ነገርኋቸው። እርሳቸውም ወዲያው አልመለሱልኝም፤ «ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 42ንና 43ን አንብበህ ና» አሉኝ።

፪. የያዕቆብ ልጆች

ታሪኩን ሁላችንም እናውቀዋለን። በራብ ዘመን የያዕቆብ ልጆች እህል ሊሸምቱ ወደ ግብፅ ወረዱ። ዋጋውን ከፍለው ሲመለሱ ስልቻቸውን ቢፈቱ የከፈሉት ብር በየስልቻው አፍ ተገኘ። ብሩን ዮሴፍ አዝዞ ያስገባው መሆኑን አላወቁምና ተንቀጠቀጡ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ልብ እንበል። እህሉ ሲያልቅ ሁለተኛ ሊወርዱ ሆነ። አባታቸው ያዕቆብ «የተሳሳቱት እነርሱ ናቸው፤ እኛ ምን ቸገረን?» አላለም። ልጆቹንም ሌቦች ብሎ አልሰደባቸውም። ምናልባት በስሕተት የተደረገ ይሆናል ብሎ አሰበ፤ የተመለሰውንም ብር፥ ለአዲሱ እህል የሚሆነውንም ብር ይዘው እንዲሄዱ አዘዛቸው። ልጆቹም ወደ ዮሴፍ ቤት ደጅ በደረሱ ጊዜ ማንም ሳይጠይቃቸው ለቤቱ አዛዥ ነገሩን ከመጀመሪያው ጀምረው ተናገሩ። አዛዡም አልቈጣቸውም፤ አትፍሩ ብሎ አጽናናቸው።

ከዚህ ሦስት ነገር እንማራለን። አንደኛ፥ በስሕተት ወደ ስልቻችን የገባ ገንዘብ ስልቻው የእኛ ስለ ሆነ ብቻ የእኛ አይሆንም። ሁለተኛ፥ በስልቻው ብር የተገኘበት ሰው ሁሉ ሌባ አይደለም። ሦስተኛ፥ ሳይጠየቁ የሚናገሩት እውነት ተጠይቀው ከሚናገሩት ይቀላል። የያዕቆብ ልጆች ዝም ብለው ቢገቡ ኖሮ በዚያ ማዕድ የሚበሉት እንጀራ በጉሮሮአቸው አይወርድም ነበር።

፫. ዕዳው የማን ነው?

እንግዲህ ወደ ምሳሌያችን እንመለስ። የእስራኤል ልጆችም እንደ እኛ ያለ ምሳሌ ነበራቸው፤ አባቶች ጎምዛዛ የወይን ፍሬ ሲበሉ የልጆች ጥርስ ይጠርሳል ይሉ ነበር። እግዚአብሔር ግን በነቢዩ በኤርምያስ (ምዕ. 31) እና በሕዝቅኤል (ምዕ. 18) አንደበት ይህን ምሳሌ ከአፋቸው ከለከለ። ልጅ በአባቱ ኃጢአት፥ አባትም በልጁ ኃጢአት አይጠየቅም። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 24ም አባት በልጁ፥ ልጅም በአባቱ ፈንታ እንዳይገደል ታዝዟል።

«ኃጢአትስ እሺ፤ የገንዘብ ዕዳስ?» የሚል ቢኖር ወደ 2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 4 ይሂድ። በዚያ ባልዋ የሞተባት አንዲት መበለት አለች። ባለ ዕዳው ሁለቱን ልጆቿን ባሮች አድርጎ ሊወስድ መጣባት። ወደ ኤልሳዕ ጮኸች። ኤልሳዕ ዕዳ የለብሽም አላላትም፤ ልጆችሽን ስጪም አላላትም። በቤቷ ያለውን ነገር ጠየቃት እንጂ። የነበራት አንድ ማሰሮ ዘይት ነው፤ በእግዚአብሔር ኃይልም በዛ። ዘይቱን ሸጣ ዕዳውን እንድትከፍል፥ በተረፈውም ከልጆቿ ጋር እንድትኖር አዘዛት። ዕዳው ከቤቱ ዕቃ ተከፈለ፤ ልጆቹ ግን ነፃ ሆኑ።

ንስሐ አባታችን ይህን ካስረዱኝ በኋላ «አሁን የአገሩን ሕግ ከሚያውቅ ሰው ጠይቅ» ብለው ለድኾች በነፃ ወደሚያማክሩ የሕግ ባለሙያ ላኩኝ። ከእርሳቸው የሰማሁት ከኤልሳዕ ቤት የሰማሁትን ይመስላል። ነገሩን በሦስት ስልቻ ለይተው አስረዱኝ።

የመጀመሪያው ስልቻ፥ ወላጅ በሕይወት ሳለ በትርፍ የተከፈለው ነው። ይህ ዕዳ የሟች ነው፤ የሚጠየቀውም ሟች ትቶት ከሄደው ሀብት ነው። ልጅ ልጅ ስለ ሆነ ብቻ ከራሱ ደመወዝና ከራሱ ቤት አይከፍልም። ነገር ግን የሟችን ሀብት ተረክቦ፥ ዕዳ መኖሩን እያወቀ፥ አስቀድሞ ለራሱና ለወንድሞቹ ያከፋፈለ ሰው ባከፋፈለው ልክ ሊጠየቅ ይችላል። በሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታም በዚያው በሟች የሥራ መዝገብ የሚጦር ቤተ ሰብ ካለ ከእርሱ ክፍያ ሊቀነስ ይችላል። በሀገራችንም በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የሟች ዕዳ ውርሱ ከመከፋፈሉ በፊት ከውርሱ ሀብት እንዲከፈል ያዝዛል።

ሁለተኛው ስልቻ፥ ከሞት በኋላ የገባው ነው። ይህ የሟችም የወራሽም አይደለም። በጡረታው ሕግ ሰው ለሞተበት ወር ክፍያ የለውም፤ የወሩ ክፍያ የሚመጣውም በሚቀጥለው ወር ስለ ሆነ፥ በጁላይ ያረፈ ሰው በኦገስት የሚገባለት ይመለሳል። ኤስ ኤስ አይ ግን በየወሩ መባቻ ለዚያው ወር ስለሚከፈል የሞተበት ወር ይገባዋል፤ ከዚያ በኋላ የመጣው ግን ይመለሳል። መንግሥት ይህን ከባንኩ መልሶ ይወስደዋል፤ አውጥቶ ያጠፋው ሰው ካለ ያ ሰው ይጠየቅበታል።

ሦስተኛው ስልቻ፥ በራሳችን እጅ ያለፈው ነው። የወላጁን ገንዘብ ተወካይ ሆኖ በስሙ የሚቀበል ልጅ ከሞት በኋላ ለተቀበለው ኃላፊው ራሱ ነው።

የእኅቴ ፍርሃት ግን ከባዶ የመጣ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ሕግ፥ ከዐሥር ዓመት በላይ የቆየ የመንግሥት ዕዳ ከታክስ ተመላሽ እንዳይወሰድ ይከለክል የነበረውን ገደብ አነሣ። ከዚህ የተነሣ ገና ሕፃናት ሳሉ ለቤተ ሰባቸው በትርፍ ተከፍሏል በተባለ የሶሻል ሴኩሪቲ ገንዘብ፥ ወላጆቻቸው ከሞቱ ከብዙ ዘመን በኋላ፥ የታክስ ተመላሻቸው የተያዘባቸው ሰዎች ነበሩ። ነገሩ በጋዜጣ በወጣ ጊዜ ሕዝቡ ጮኸ፤ በኤፕሪል 2014 የመሥሪያ ቤቱ ተጠባባቂ ኃላፊ የነበሩት ካሮሊን ኮልቪን ዐሥር ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነውን ዕዳ በዚህ መንገድ መሰብሰቡ እንዲቆም አዘዙ። እንግዲህ የሕዝቅኤል ጥያቄ የጥንት ጥያቄ ብቻ አይደለም፤ ትናንትም ተጠይቋል።

፬. እጅና አፍንጫ

ከወንድሜና ከእኅቴ ጋር ተስማምተን፥ ፓስፖርቱንና ደብዳቤውን ይዤ ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄድሁ። እንደ ያዕቆብ ልጆች ከመጀመሪያው ጀምሬ ተናገርሁ። የኦገስቱን ገንዘብ ከራሴ ደመወዝ መለስሁ፤ እርሱ የእናቴ ዕዳ አልነበረም፥ የእኔ ነበር። ለነፍሷ ብዬ ያወጣሁት ዝክርም ያን ቀን ገና ዝክር ሆነ፤ በሰው ገንዘብ ምጽዋት አይሰጥምና።

እናቴ ጎንደር ሳለች የተከፈለውም ተቈጠረ፤ ከሦስት ሺህ ዶላር በላይ ሆነ። በውርሷ ላይም ተጠየቀ። ነገር ግን እናቴ ትታው የሄደችው በባንክ 640 ዶላር፥ አንድ ሳጥን ልብስና ያ የብስኩት ቆርቆሮ ነው። ገንዘቡ ለቀብሯ ከወጣው ሩቡን እንኳ አልሸፈነም። የሕግ ባለሙያው ይህን በጽሑፍ አስረዱልን፤ ከእኛ ከልጆቿም ምንም አልተጠየቀም።

ወንድሜ «ታዲያ አለቀ» አለ። እኔ ግን አላለቀልኝም ነበር። ያን ፖስታ ባነበው ኖሮ እናቴ ሳትሄድ ታስታውቅ ነበር። ይህን ለንስሐ አባታችን ብነግራቸው እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፥ ሕጉ ከለቀቀህ አመስግን። እግዚአብሔርም በኦሪት በየሰባቱ ዓመት የዕዳ ምሕረት ሠርቷል፤ ምሕረት ሲሰጥህ አልቀበልም ማለት ትሕትና አይደለም። አንተ ያለብህ የገንዘብ ዕዳ አይደለም፤ የማንበብ ዕዳ ነው። እርሱን ክፈል።»

ውድ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፤ «ያባት ዕዳ ለልጅ» የሚለውን ምሳሌ በዚያን ቀን በሌላ መልክ አየሁት። እጅ አፍንጫን የሚጠርገው ያቈሸሸው እርሱ ስለ ሆነ አይደለም፤ ዳኛ ስለ ፈረደበትም አይደለም፤ አንድ አካል ስለ ሆኑ ነው። ምሳሌውን እንደ ፍርድ ከያዝነው እግዚአብሔር የከለከለው ነው። እንደ ፍቅር ከያዝነው ግን የወላጅን ክብር የምንጠብቅበት ነው። እናቴ ሌባ አልነበረችም። ይህን በመሥሪያ ቤቱ መስኮት ፊት ቆሜ ስናገር እጅ አፍንጫን ጠረገ።

ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሹ ጥግ አንድ ጠረጴዛ ይዤ እቀመጣለሁ። እናቶችና አባቶች ፖስታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው ያመጣሉ፤ እኔም ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው አነብላቸዋለሁ። «ችግር የለውም» የሚለውን ቃል ሳላነብ አልናገረውም።

፭. ከእኛ ምን ይጠበቃል?

እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም፤ ነገር ግን ከደረሰብኝ የተማርሁትን ለመጠቆም ያህል፦

ሀ. የወላጆቻችሁን ደብዳቤ ሙሉውን አንብቡላቸው። ያልገባችሁን ገባኝ አትበሉ።

ለ. ወላጆቻችሁ ወደ ሀገር ቤት ለመሄድ ትኬት ሲቈርጡ፥ ኤስ ኤስ አይ የሚቀበሉ ከሆነ ከመሄዳቸው በፊት አስታውቁ። የሠላሳውን ቀን ነገር አትርሱ። በባንክ ያለውም የአንድ ሰው ጥሪት ከ2,000፥ የባልና ሚስት ከ3,000 ዶላር እንዳያልፍ ተመልከቱ።

ሐ. በሕይወት ላሉ ወላጆቻችሁ የትርፍ ክፍያ ደብዳቤ ቢመጣ ዝም አትበሉ። ስሕተት ነው የምትሉ ከሆነ በ60 ቀን ውስጥ ይግባኝ ይባላል። ጥፋት የሌለበትና መክፈል የማይችል ሰውም ኤስ ኤስ ኤ 632 በሚባለው ቅጽ ዕዳው እንዲተውለት መጠየቅ ይችላል።

መ. ወላጅ ባረፈ ጊዜ ሞቱ ለመሥሪያ ቤቱ መነገሩን አረጋግጡ። ብዙውን ጊዜ የቀብር አስፈጻሚው ድርጅት ያስታውቃል፤ እናንተ ግን ጠይቁ። ከዚያ በኋላ ባንክ የገባውን አትንኩ፤ ለተዝካርም ቢሆን።

ሠ. የሟች ስም ያለበት የዕዳ ደብዳቤ ሲመጣ በድንጋጤ ከራሳችሁ ኪስ እከፍላለሁ ብላችሁ አትፈርሙ፤ ቀዳችሁም አትጣሉት። ገንዘቡ ከየትኛው ስልቻ እንደ ሆነ ከሚያውቅ ጋር ለዩ። የእናንተ ከሆነ መልሱ፤ የሟች ከሆነ ከሟች ሀብት ይጠየቅ።

ከሁሉም በላይ ስለ ሞቱት ወላጆቻችሁ ክፉ አታስቡ። በማያውቁት ቋንቋ፥ በማያውቁት አገር፥ እኛን አምነው ኖረዋል። በስልቻቸው አፍ ብር ቢገኝ እንደ ያዕቆብ ምናልባት ስሕተት ይሆናል እንበል፤ ስልቻውን ግን አንደብቅ።

የያዕቆብን ልጆች ያጽናናቸው አምላክ እኛንም ከፍርሃት አውጥቶ በእውነት መንገድ ይምራን። የሞቱትን ወላጆቻችንን ነፍስ በአብርሃም በይስሐቅ በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን። የእመቤታችን አማላጅነት አይለየን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።